ጅግራ የተባለችው አሞራ፦ የፖለቲካ ታፔላ ድሬዳዋ ላይ ሲለጠፍ

ድሬዳዋ ላይ ስለ ውሃ ማውራት ከፖለቲካ የራቀ ይመስላል። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ቧንቧ ይደፍናል። ይህን ለማወቅ የፓርቲ አባል መሆን አያስፈልግም። ግን በርጫ ላይ አንዱ "የእኛ ሰፈር ፈረቃ ለምንድነው የሚዘለለው?" ብሎ ይጀምር። መጀመሪያ የሚመልስለት ሰው ስለ ውሃ ያወራ ይሆናል። ሦስተኛው ስለ ጠያቂው ነው የሚያወራው። "እሱ እኮ የታወቀ ነው፣ ጽንፈኛ ነው።" ወይም "የሸኔ ወሬ ነው ይዞ የመጣው።" ወይም "የነፍጠኛ ሥርዓት ናፋቂ።" ወይም ከሌላው ወገን ከሆነ፣ "ተወው አቦ፣ ካድሬ ነው፤ ተልኮ ነው የሚጠይቀው።" ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የሚሄደው ሰውየው የማን እንደሆነ በመመርመር ነው። ፈረቃው ለምን እንደተዘለለ ማንም ሳያውቅ ጫቱ ያልቃል።

"ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ሰበብ ፈላጊን ለመንቀፍ ነው የምንጠቅሰው። እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መብላት ታሰበ። ቀጥሎ ስም ተቀየረ። አሞራዋ ምን እንዳደረገች የጠየቀ የለም። አሞራ አይበላም፣ ጅግራ ይበላል፣ አለቀ። የፖለቲካ ፍረጃም እንዲሁ ነው። ስሙ የሚወጣው በኋላ የሚደረገውን ነገር ለማስፈቀድ ነው።

እዚህ ላይ የምለው ሁለት ነገር ነው። ፍረጃን ብዙዎቻችን ከረር ያለ ትችት አድርገን እናየዋለን። እኔ ትችት የሚቀርበት መንገድ ነው እላለሁ። ሁለተኛው ደግሞ የእኛን ከተማ ይመለከታል። ድሬዳዋን በመሰለ ቦታ የፖለቲካ ታፔላ ፖለቲከኛው ላይ አይቆምም። ወደ ብሔር ይሄዳል፣ ከብሔር ወደ ሰፈር ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ምንም ያልተናገረ ሰው በር ላይ ያርፋል።

ክስ ሌላ፣ ታፔላ ሌላ

ከባድ ቃል ሁሉ ታፔላ ነው ማለቴ አይደለም። "እገሌ የተባለው ኃላፊ ለአንድ ቦታ ካርታ ጉቦ ተቀብሏል" ከባድ ቃል ነው። ግን ክስ ነው። ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ገንዘብ አለው። ሐሰት ከሆነ ሰውየው ሰነዱን ይዞ መጥቶ ያፈርሰዋል። እውነት ከሆነ ፍርድ ቤት አለ። "እገሌ ኪራይ ሰብሳቢ ነው" ሲባልስ ምን ይዞ ያፈርሰዋል? ኪራይ ሰብሳቢ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከየትኛው ቢሮ ነው የሚወጣው?

እኔ ሁለቱን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው። የተባለው ሰው ምን ቢያደርግ ቃሉ ይነሳለታል? ለክስ መልስ አለ። ለታፔላ የለም። እንዲያውም መካዱ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። "ጽንፈኛ አይደለሁም" ሲል፣ "ጽንፈኛ መቼ ነው ጽንፈኛ ነኝ ብሎ የሚያውቀው?" ይሉታል። ዝም ሲል "አየህ፣ መልስ የለውም" ይሉታል። ከተናደደማ አበቃለት።

"ኪራይ ሰብሳቢ" ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አሟሟቱ ያሳዝነኛል። ከኢኮኖሚክስ የመጣ ጥሩ ቃል ነበር። አንድ ሰው አዲስ ሀብት ሳይፈጥር፣ ከመንግሥት ባገኘው ፈቃድ ወይም ልዩ መብት ብቻ ሲከብር የሚገልጽ ነው። የትኛው ፈቃድ፣ ለማን፣ በማን ፊርማ ተብሎ ሊመረመር ይችላል። ኢሕአዴግ ከ1993 ዓ.ም. ተሃድሶ በኋላ ይህን ቃል የዘወትር ቋንቋው አደረገው። ብዙ ሳይቆይ በግምገማ አለቃውን የጠየቀው ባለሙያም፣ ዋጋ የጨመረው የድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ነጋዴም፣ ያልተስማማው ተቃዋሚም በዚሁ ቃል ተጠሩ። በመንግሥት ፈቃድ የሚከብረው እውነተኛው ሰው በዚህ መሀል ምን አገኘ? መደበቂያ። ሁሉም ሌባ ከተባለ ለሌባው ተመቸው።

የ1993ቱ ጊዜ ሌላም ነገር ያሳያል። ፍረጃ የርዕዮተ ዓለም ልዩነት በሌለበትም ይሠራል። በመጋቢት 1993 የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለሁለት ሲሰነጠቅ ከጀርባው የኤርትራ ጦርነት አያያዝና የሉዓላዊነት ጥያቄ ነበር። ሰዎቹ ለዓመታት ጫካ አብረው የኖሩ ናቸው። አቶ መለስ ዜናዊ ይዘውት የመጡት ጽሑፍ ግን ስለ "ቦናፓርቲዝም"፣ ማለትም ገዢው ከመደቦች ሁሉ በላይ ሆኖ ለራሱ ስለሚገዛበት ሥርዓት፣ አደጋ ነበር። ተሸናፊዎቹ "ይህ ዋናውን ጉዳይ ለማስቀየስ የመጣ ነው" አሉ። ማን ትክክል እንደነበረ እዚህ አልፈርድም። አገሩ በሙሉ ግን የጦርነቱን አያያዝ ክርክር በወጉ ሳይሰማ፣ የፈረንሳዩን የናፖሊዮን ቦናፓርትን ስም ተምሮ ቀረ።

ቃላቱ ከየት መጡ?

ይህ ቋንቋ የ1960ዎቹ ተማሪዎች ከሶቪየትና ከቻይና ጽሑፎች ይዘውት የመጡት ነው። ስለዚህ እዚያ ምን እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ "ኩላክ" ማለት መጀመሪያ ላይ ሻል ያለ መሬትና ከብት ያለው፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ገበሬ ነበር። በፈረንጆቹ 1929 እና 1930 ገበሬው በግድ ወደ ጋራ እርሻ ይግባ ሲባል ድሀውም ተቃወመ። ላም የሌለውን ሰው ኩላክ ማለት ደግሞ አስቸጋሪ ሆነ። መላው ቀላል ነበር። "ፖድኩላችኒክ" የሚል አዲስ ቃል መጣ፤ የኩላክ ጀሌ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የማንንም ከብት መቁጠር አላስፈለገም።

ይህቺ የጀሌ ዘዴ አማርኛ ውስጥ ሙሉ ቤተሰብ አላት። ተላላኪ፣ ቅጥረኛ፣ ናፋቂ፣ ተባባሪ፣ ተለጣፊ። ሰውየው በታፔላው ልክ ካልሆነ እነዚህ ያስገቡታል። ነፍጥ ያልያዘውን "የነፍጠኛ ናፋቂ" ይሉታል። ጫካ ያልገባውን "የሸኔ ተላላኪ" ይሉታል። የፓርቲ መታወቂያ የሌለውን "የካድሬ ተለጣፊ" ይሉታል። አንድ ክርክር ውስጥ እነዚህ ቃላት ሲመጡ ስሰማ፣ ተናጋሪው ማስረጃ እንዳለቀበት አውቃለሁ።

የእኛው የ1968 ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ያስቆጫል። በዚያ ዓመት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ "አብዮታዊ መድረክ" የሚባል ዓምድ ተከፍቶ ነበር። ኢሕአፓና መኢሶን፣ ሁለቱም ማርክሲስት፣ ብዙዎቹም ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ፣ በጽሑፍ ተከራከሩበት። ጥያቄው ትልቅ ነበር። ወታደሩ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ያስረክብ? ወይስ ሕዝቡ እስኪደራጅ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጠው? ዴሞክራሲ ያለ ገደብ ይሁን ወይስ በገደብ? ለዚህች አገር ዛሬም ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ክርክሩ ዓመት አልቆየም። ኢሕአፓ መኢሶንን "ባንዳ" አለው። መኢሶንና ደርግ ኢሕአፓን "አናርኪስት" አሉት። ደርግ ለኢሕአፓ "ፋሽስት" ነበር። ቃሉ ከወረቀት ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ጥይት ሄደ። በነሐሴ 1969 መኢሶን ራሱ ከደርግ ተለይቶ ሲሸሽ ደግሞ "ቀኝ መንገደኛ" ተባለና በተራው ታደነ። "አናርኪስት" የሚለውን ቃል ሲያቀብል የነበረ ድርጅት ነው እንግዲህ። ድሬዳዋና ሐረርም ቀይ ሽብር አልቀረላቸውም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ "ማጋለጥ" የሚባል ነገር ነበር። አጋላጩ እንዲናገር የሚጠበቅበት ሰውየው ያደረገውን ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነበር።

የእኛ አካባቢ በዚያው ሰሞን ሌላ ቃልም ነበረው፣ "ሰርጎ ገብ"። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር በሐምሌ 1969 ወረረ። በነሐሴ ድሬዳዋን ለመያዝ ሞክሮ ተመለሰ። በሐረር ዙሪያ ደግሞ ውጊያው እስከ 1970 አጋማሽ ቀጠለ። ጦርነቱ እውነት ነበር። ሰርጎ ገቡም እውነት ነበር። ከባዱ ነገር ይህ ነው። ታፔላ ብዙ ጊዜ ከባዶ ነገር አይነሳም። የሞቃዲሾው ወታደርና ድሬዳዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው ነጋዴ ግን ቋንቋቸው አንድ ነው፣ ሃይማኖታቸው አንድ ነው፣ የአባታቸው ስም እንኳ ሊመሳሰል ይችላል። ቃሉ የተፈጠረው ለወታደሩ ነው። ጥላው ያረፈው በሁለቱም ላይ ነው። ጠላቱ እውነተኛ መሆኑ ቃሉን ለማስፋት ፈቃድ ሰጠ፤ "ታዲያ ሰርጎ ገብ የለም እያልክ ነው?" ብሎ አፍ ማስያዝ ቀላል ነበርና።

ሐረር ደግሞ ከዚያም ቀድማ ቀምሳዋለች። በ1940 ዓ.ም. የኩሉብ እንቅስቃሴ በሚባለው ጊዜ የሐረሪዎች አቤቱታ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር ተያይዞ ታየ። አቤቱታው ምን ነበር የሚለው ሳይመረመር ብዙ ሰው ታሰረ፣ ንብረት ተወረሰ፣ በግንብ ከተከበበችው ከአሮጌዋ ሐረር፣ ከጁገል፣ ወደ አዲስ አበባ የተሰደደውም ብዙ ነው።

አርባ፣ አርባ፣ ሃያ

አሁን ወደ ዛሬዋ ድሬ ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 341,834 ነበር። ኦሮሞ 46 በመቶ ያህል፣ ሶማሌ 24 በመቶ ያህል፣ አማራ 20 በመቶ ያህል፤ ቀሪው ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌሎች። ከተማዋ በ1996 በአዋጅ ቁጥር 416 ቻርተር አግኝታለች። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን የሥልጣን ክፍፍል ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው በሦስት ቁጥር ነው፦ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለቀረው። ይህ የፓርቲዎች ስምምነት ነው። ቻርተሩ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። በ2011 የድሬ ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ስምምነቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው የራሱ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኔ ለንግግር ያደረገውን ብቻ ልይ። ወንበር በማንነት ሲከፈል ስለ አገልግሎት የሚነሳ ጥያቄ ሁሉ ስለ ኮታ የተነሳ ይመስላል። "የመሬት አስተዳደሩ ቢሮ ፋይል አጠፋብኝ" ስትል አድማጩ በልቡ ቢሮው በየትኛው ኮታ የተያዘ እንደሆነ ያሰላል። ከዚያ አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ያሰላል። ሒሳቡ ሲያልቅ ጥያቄህ "የእነሱ ጥያቄ" ሆኗል። ታፔላው እዚህ ጋ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል። የኦሮሞ ልጅ ከሆንክ አንድ አለልህ፣ የሶማሌ ልጅ ከሆንክ አለልህ፣ አማርኛ ብቻ የምትናገር ከሆነማ ስንት አለልህ። ሐረርም ከዚህ የራቀች አይደለችም። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባዔ የተለዩ ናቸው። እዚያም ስለ ቆሻሻ አነሳስ የጠየቀ ሰው ስለ 14ቱ የጠየቀ ሊመስል ይችላል።

ይህ ያለ ክፋትም ይሆናል። አድማጩ መጥፎ ሰው ላይሆን ይችላል። አሠራሩ ያስተማረው ሒሳብ ነው።

"ነፍጠኛ" የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለሐረርጌ ይህ ቃል ባዶ አይደለም። ጥር 1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ጦር ሐረር ገባ። ወታደሩ ሰፈረ፣ ገበሬው ገባር ሆነ፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የተጎዳ ሰው ልጅና የልጅ ልጅ ዛሬም በሕይወት አለ። ያን ሥርዓት በስሙ መጥራት ታሪክ መናገር ነው፣ ስድብ አይደለም። ነገር ግን የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 25 ቀን 1967 ገባርነትን አፍርሶታል። ነገሩ ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ቃሉ ዛሬ የሚወድቀው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለ የአማርኛ አስተማሪ ላይ ነው፣ ሳቢያን ሰፈር ያለ አናጢ ላይ ነው። ድሬዳዋ ራሷ ከተማ የሆነችው በ1895 ባቡሩ ሲደርስ ነው። የብዙዎቹ አያት በሐዲዱ ሥራ ወይም በንግድ የመጣ ነው። ሥርዓቱን የሚገልጸው ቃል የዘር መጠሪያ ሲሆን፣ ስለ ሥርዓቱ በቁም ነገር መነጋገርም አብሮ ይበላሻል። አንዱ "ነፍጠኛ" ሲል ታሪክ የሚያወራ ይመስለዋል፤ ሌላው ቤቱ ሊቃጠል እንደሆነ ይሰማዋል። በሰኔ 2012 መጨረሻ ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ሲፈርስም ያየነው ይህንኑ ነው። ስለ ሐውልቱ የታሪክ ትርጉም መከራከር ይቻል ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሰው የሚፈራው ለበሩ ነበር።

ይህ በአንድ ወገን ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል። "ሸኔ" መንግሥት ለአንድ ታጣቂ ቡድን የሰጠው መጠሪያ ነው። ቡድኑ ራሱን በዚህ ስም አይጠራም። ቃሉ ግን ኦሮምኛ ስልኩ ላይ ጮክ ብሎ ያወራ ወጣት ላይም ይወድቃል። "ጁንታ" በ2013 ለሕወሓት አመራር የወጣ ስም ነበር። በጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ብዙ ተራ የትግራይ ተወላጆች በየከተማው ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በወቅቱ ገልጿል። "ጽንፈኛ" እና "ጃውሳ" ዛሬ ለአማራ ታጣቂዎች ይባላሉ፤ ከጎጃም ለመጣ የቀን ሠራተኛም ይደርሱታል። "አክራሪ" በ2004 የሙስሊሞች ተቃውሞ ጊዜ መስጊድ ደጃፍ የቆመውን ሁሉ ያዳረሰ ቃል ነበር። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሁሉም ውስጥ ያለው አሠራር አንድ ነው። ቃሉ በስም የፖለቲካ ነው። የሚያርፈው በማንነት ላይ ነው። ተናጋሪው ሲጠየቅ "እኔ ያልኩት ድርጅቱን ነው፣ ሕዝቡን መቼ ነካሁ?" ማለት ይችላል። ሰሚው ግን ማን እንደተባለ በደንብ ያውቃል።

ሕጉ የሚይዘውና የሚያመልጠው

በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 እዚህ ላይ ይሳሳል። አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳተኝነትን መሠረት አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳውን ነው። የፖለቲካ አመለካከት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔ አለመኖሩን እደግፋለሁ። ቢኖር ኖሮ መንግሥትን የተቸ ሁሉ "የፖለቲካ ጥላቻ ነዛህ" ተብሎ ሊከሰስ ይችል ነበር። ግን የታፔላው ብልጠት ይታያችሁ። የብሔር ስም ከጠራህ ሕጉ ይደርስብሃል። የፖለቲካ ስም ጠርተህ ብሔሩን ብታስብ አይደርስብህም። ስለዚህ ጥላቻው ልብስ ቀይሮ ይወጣል።

በሕግ የተደገፈው ታፔላ ደግሞ አለ። የ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ለፓርላማው ድርጅትን አሸባሪ ብሎ የመሰየም ሥልጣን ሰጠው። በሰኔ 2003 ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ ተሰየሙ። በሰኔ 2010 ሦስቱም ከዝርዝሩ ወጡ፤ መሪዎቻቸው ሲመለሱ አቀባበል ተደረገላቸው። በሚያዝያ 2013 ሕወሓትና ሸኔ ተሰየሙ። በመጋቢት 2015፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ሕወሓት ወጣ። አንድ ድርጅት አስጊ ሆኖ ተሰይሞ፣ ሰላም ሲወርድ ቢነሳለት ክፋት የለውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። "አሸባሪ" የተፈጸመ ድርጊት ስም መሆኑ ቀርቶ፣ በዚያ ጊዜ ከመንግሥት ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳለህ የሚናገር ሆነ። እንዲህ ሲሆን እውነተኛ ሽብር በደረሰ ቀን ቃሉን ማን ያምነዋል?

የራስን ሰው መጥላት

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ክፉዎቹ ቃላት ለተቃራኒ ወገን የተፈጠሩ አይደሉም። ለራስ ወገን ነው። "ባንዳ" ከጣሊያን ጋር ለሠራ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ጣሊያን ሐረርንና ድሬዳዋን ለቅቆ የወጣው በመጋቢት 1933 ነው፣ ቃሉ ግን እስካሁን ሥራ አልፈታም። በኦሮሞ ፖለቲካ ውስጥ የምኒልክን የጦር መሪ ራስ ጎበናን ይዞ "ጎበና" የሚባል አለ። በአማራ ፖለቲካ ውስጥ "ሆዳም" አለ። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፦ አንተ የእኛ ነህ፣ ስለዚህ ከእኛ መለየት አትችልም። ተቃዋሚ ሰው ሊከራከርህ ይችላል። ከዳተኛ ግን የሚከራከርህ አይደለም፣ ተገዝቶ ነው። ሐሳቡን መስማት አይጠበቅብህም።

ለዚህ ደግሞ ድሬን የሚያህል ተጎጂ የለም። እናቱ ኦሮሞ፣ አባቱ ሶማሌ ወይም አማራ የሆነ የድሬ ልጅ ስንት ነው? መጋላ ተወልዶ ከዚራ የሚሠራ፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያወራ? እንዲህ ያለው ልጅ አፉን በከፈተ ቁጥር ለአንዱ ከዳተኛ ይሆናል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ወይም ስለ ኳስ ያወራል። የከተማዋን ሁለትና ሦስት ወገን ከውስጥ የሚያውቀው ሰው ከክርክሩ ሲወጣ የሚቀሩት አንድ ወገን ብቻ የሚያውቁት ናቸው። ለእኔ የፍረጃ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። ስለ ተሰደበው ሰው ብዙ እናወራለን። ስድቡን ፈርቶ ሳይናገር ስለቀረው ማንም አያወራም።

ስልኩስ? ስልኩ ቃላቱን አልፈጠራቸውም። ዋጋቸውን ግን አርክሷቸዋል። በ1969 ሰውን "አናርኪስት" ለማለት ቢያንስ ስብሰባ ላይ መቆም ነበረብህ፤ ሰፈሩ ያይሃል። ዛሬ ፌስቡክ ላይ ስም ሳትጠቅስ ፎቶ ለጥፈህ ሥር አንድ ቃል መጻፍ ይበቃል። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ደግሞ ስጦታ ይዘንብልሃል። ይህ ወሬ ብቻ እንዳይመስል። በ2014 አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፎቶውና አድራሻው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ብዙ ሳይቆይ በሩ ላይ ተገደለ። ልጁ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ታፔላ የለጠፉት ሰዎች ምን አደረገ የሚለውን በማስረጃ እንዲያሳዩ የጠየቃቸው አልነበረም።

"ታዲያ ገዳይን ገዳይ አንበል ነው የምትለው?" የሚለኝ ይኖራል። በሉት እንጂ። "በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እነዚህን ሰዎች ገደለ" በሉት። ይህ ከየትኛውም ታፔላ የከበደ ቃል ነው። ሽማግሌ ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ሆነ?" ብሎ ነው። ኦሮሞውም፣ ሶማሌውም፣ ሐረሪውም ሽማግሌ ዘንድ ይህ አንድ ነው። "እሱ ምንድነው?" ብሎ የሚጀምር ሽማግሌ አላየሁም። እዚህ ከተማ የቀበሌ ስብሰባ የሚመሩ፣ በሬዲዮ የስልክ መስመር የሚከፍቱ፣ የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን ጥያቄ መዋስ ይችላሉ። አንዱ "እሱማ ጽንፈኛ ነው" ሲል "ምን አደረገ?" ብሎ ማስቆም ነው። መልስ ካለው ይናገር፣ ክስ ይሆናል። ከሌለው ወደ ጉዳዩ እንመለስ። አዋጅ አይጠይቅም፣ በጀትም አያስፈልገውም።

የማይቀለው ቀድሞ የተለጠፈውን ማንሳት ነው። ለድርጅት መንገድ አለው። ፓርላማ ይሰበሰባል፣ እጅ ይወጣል፣ ስሙ ከዝርዝር ይነሳል። በዚያው ስም ተጠርቶ የንግድ ፈቃዱ ሳይታደስ የቀረ ባለሱቅ ግን የሚያመለክትበት ቢሮ የለውም። መጀመሪያም በጽሑፍ አልተሰየመምና።